የጡት ዐለትና የደስታ ዛፍ

ቼን ዚሚንግ የተባለው የቻይና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1237 ስለ ሴቶች ደዌ በጻፈው መጽሐፍ በጡት ላይ የሚወጣውን ጠጣር እባጭ «የጡት ዐለት» ብሎ ጠርቶታል፤ ስሙ በጣት ዳሰሳ የተገኘ ይመስላል። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት የደዌውን ምክንያት በኀዘንና በቁጣ ከታገደ እስትንፋስ፣ ከረጋም ደም ጋር ስላያያዙት፣ ሕክምናቸው የደከመውን ሰውነት ማጽናትና ክፉውን ማስወጣት ሆኖ፣ ለዚሁ አያሌ ሥራ ሥሮችን በአንድ ማሰሮ ያፈሉ ነበር።

ይህ የማሰሮ ውሃ ነቀርሳን ያድናልን ብሎ መጠየቅ ጥያቄውን ማበላሸት ይመስለኛል። ከማሰሮው ውስጥ የትኛው ንጥረ ነገር፣ በምን ያህል መጠን፣ ምኑን ይነካል ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ ያለው አንድ ዛፍ አለ።

ቻይናውያን «ሺ ሹ»፣ ማለት የደስታ ዛፍ፣ ከሚሉት ዕፅ ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የተባሉት በአሜሪካ የነበሩ የኬሚስትሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1966 ካምፕቶቴሲንን ለይተው ማውጣታቸውን አስታወቁ፤ በ1970ዎቹ ለሕሙማን ሲሰጥ ግን የሽንት ፊኛቸውን እያደማ ስላስቸገረ ተተወ። ምሥጢሩ የተገለጠው በ1985 ነው። በኅዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ እንደ ተገመደ ፈትል ስለሆነ፣ ኅዋሱ ሊባዛ ሲፈታው ከፊቱ ያለው እየጠበቀ ይሄዳል፤ ቶፖይሶሜሬዝ አንድ የሚባለው ኢንዛይምም አንዱን ክር በጥሶ ካላላው በኋላ መልሶ ይቀጥለዋል። ካምፕቶቴሲን ክሩ በተበጠሰበት ቅጽበት ከመካከል ይሸጎጥና መቀጠሉን ይከለክላል፤ ያለ ዕረፍት የሚባዛው የነቀርሳ ኅዋስም ፈትሉ እንደ ተበጠሰ ይሞታል።

ከዚሁ ቅመም የተወለደ መድኃኒት፣ የነቀርሳውን ኅዋስ ፈልጎ በሚይዝ አንቲቦዲ ጫንቃ ላይ ተጭኖ፣ ሳሲቱዙማብ ጎቪቴካን በሚል ስም በ2020 በአሜሪካ ተፈቀደ። የሆርሞን መድኃኒት የማይገታው፣ ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚባለው የጡት ነቀርሳ በሰውነታቸው ተሠራጭቶ፣ ሌላ ሕክምናም አልፎባቸው በነበሩ ሕሙማን ላይ በተደረገው ፈተና፣ በተለመደው ኬሞቴራፒ 6.7 ወር የነበረው መካከለኛ በሕይወት የመቆያ ጊዜ በዚህኛው 12.1 ወር ሆነ።

ማሰሮውን ራሱን መመርመር ግን እጅግ ይከብዳል፤ ዐሥር ዕፅ የገባበት ቅመማ ከአፈር አፈር፣ ከአዝመራ አዝመራ ይለያያልና። ስም እንኳ ያታልላል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብራስልስ ለመክሳት ብለው የቻይና ዕፅ የወሰዱ ሴቶች፣ በ«ፋንግ ጂ» ፋንታ በስም የሚመሳሰለው «ጓንግ ፋንግ ጂ» ገብቶባቸው ከመቶ የሚበልጡት በኩላሊት ተጎዱ፤ ቆይቶም በአንዳንዶቹ የሽንት ቧንቧ ላይ ነቀርሳ ወጣ።