ካርቱም ስትዘጋ ፖርት ሱዳን ለምን ዝም አለች?

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በካርቱም ዘመድ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ፣ በካይሮም ይኑር በአዲስ አበባ፣ ደጋግሞ እየደወለ መልስ ያጣ ነበር። በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ዘጠኝ ወር አልፎት ሳለ፣ ጥር 24 ቀን የሱዳኒና የኤም ቲ ኤን መሥመር ጠፋ፤ በ29ኛው ቀን የዜንም ተከተለ። የጦር ሠራዊቱ ወገን ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉን ከሰሰ፤ እርሱም አላደረግሁም አለ።

ነገሩ ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ባንኮች በመዘጋታቸው ሕዝቡ ገንዘብ የሚቀበለውና የሚከፍለው የካርቱም ባንክ ባቋቋመው፣ ባንካክ በሚባለው የስልክ አገልግሎት ነበር። የሰፈር ወጣቶች ለችግረኛ የሚያበስሉበት ተኪያ የተባለው ማዕድ ቤትም እህሉን የሚገዛው በዚሁ መንገድ ከውጭ አገር በሚላክለት ገንዘብ ነበረ። መሥመሩ በተቋረጠ ጊዜ ብዙ ድስት ከእሳት ወረደ።

ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ውጊያ ያልደረሰባት ፖርት ሱዳንም አብራ ዝም ማለቷ ነው። ሱዳንን ከዓለም ጋር የሚያገናኘው የባሕር ገመድ የሚወጣው ከእርስዋ ዳርቻ ነው፤ ነገር ግን ጥሪውን ተቀብለው የሚያከፋፍሉት ዋና ዋና መሣሪያዎች በካርቱም ሕንፃዎች ውስጥ ነበሩ። ገመዱ በደጃፍዋ ሳለ ቁልፉ በሌላ ከተማ ተቀመጠ ማለት ነው።

ካርቱም ይህን ከዚህ ቀደም አይታዋለች። በመጋቢት 1876 ዓ.ም. የማህዲ ሰዎች ወደ ሰሜን የሚሄደውን የቴሌግራፍ ሽቦ በቆረጡ ጊዜ፣ የተከበበው ጄኔራል ጎርደን ወሬውን በእግረኛ መልእክተኛ መላክ ግድ ሆነበት። በታኅሣሥ 1877 ዓ.ም. የላካት ወረቀት የፖስታ ቴምብር የምታህል ነበረች። በጥር ወር ከተማይቱ ተያዘች፤ እርሱም ተገደለ።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ባራን በ1956 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ከሦስት ወይም ከአራት ጣቢያዎች ጋር ቢያያዝ፣ ብዙዎቹ ቢፈርሱ እንኳ የቀሩት እርስ በርሳቸው መነጋገር እንደሚችሉ አስረድቷል። የዛሬው ኢንተርኔት መልእክትን እየከፋፈለ የሚልክበት ዘዴም ከዚህ ሐሳብ ጋር ይዛመዳል። ይሁን እንጂ ትርፍ መሥመርና ሁለተኛ ማዕከል ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ በሰላም ዘመን በጀት የሚመረምር ሹምም መጀመሪያ የሚሰርዘው ይህንኑ ነው። ሱዳኒ በፖርት ሱዳን ሥራውን የቀጠለው ከጨለማው በኋላ ነው።

በካርቱም የቀሩት ግን ስታርሊንክ የተባለውን የሳተላይት መሣሪያ ያለው ሰው ዘንድ እየሄዱ በጊዜ ልክ ይከፍሉ ጀመር። ይህም ቢሆን ባንድ ሳህንና ባንድ ኩባንያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ብዙ ጊዜም ሳህኑ በታጣቂዎች እጅ ስለ ነበረ፣ እናት ለልጅዋ ደኅና መሆንዋን የምታስታውቀው ባለጠመንጃው ሲፈቅድላት ነበር።