«ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» እና ሌሎች የካፌ ክርክሮች፦ ተረትና እውነታ

ቦሌ መድኃኔዓለም ቅዳሴ ሲያበቃ ዙሪያው ያሉት ካፌዎች ይሞላሉ። ነጠላው ገና ከትከሻው ያልወረደ ምእመን ጾም ከሆነ ስፕሪስ፣ ፍስክ ከሆነ ማኪያቶ ያዛል። ከጎኑ ላፕቶፑን የዘረጋ ወጣት ይቀመጣል። ወሬው ከቤት ኪራይ ተነሥቶ፣ በዶላር ምንዛሪ አልፎ ሃይማኖት ላይ ያርፋል። «አላምንም» ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው በእኛ ሰፈር ብርቅ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ ወይም የባህላዊ እምነት ተከታይ ሳይሆኑ «ሌላ» ተብለው የተመዘገቡት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚገናኙት አልፎ አልፎ ስለሆነም ይመስለኛል ሁለቱም ያልተፈተነ መሣሪያ ይዘው የሚመጡት። አማኙ «ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም» ይላል፤ ኢ-አማኒው «እሱንስ ማን ፈጠረው?» ይላል። ከዚያ ሒሳብ ይመጣል፤ ይበተናሉ።

ፈጣሪ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ለመፍረድ አልተነሣሁም። የማነሣው ሁለቱም ወገን እንደ ሐቅ የሚወራወራቸውን ነው፤ አብዛኞቹ ሐቅ አይደሉም።

«ሁሉም ነገር ምክንያት ካለው፣ ፈጣሪም ምክንያት ሊኖረው ነው»

ኢ-አማኒው በጣም የሚወደው ጥይት ይህ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1927 ለንደን ላይ «ለምን ክርስቲያን አልሆንኩም» በሚል ርዕስ ባደረገው ንግግር፣ በ18 ዓመቱ የጆን ስቱዋርት ሚልን ግለ ታሪክ ሲያነብ ይህን ጥያቄ አግኝቶ ዓለም አንድ የመጀመሪያ ምክንያት አላት የሚለውን ሙግት እንደተወው ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው እጅ በእጅ ሲዞር ገርጂ ደርሷል።

ችግሩ ዒላማው እዚያ አለመኖሩ ነው። ከሙግቱ ባለቤቶች መካከል ስማቸው የሚጠራው «ሁሉም ነገር ምክንያት አለው» አላሉም። ሙስሊሙ ሊቅ አል-ገዛሊ ያለው «ለመኖር የጀመረ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው» ነው። ፈላስፋው ኢብን ሲና ያለው ደግሞ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር ሁሉ የሚያኖረው ሌላ ነገር ይፈልጋል ነው። ሁለቱም ሕጉን ሲያወጡ ያልጀመረን ወይም አለመኖር የማይችልን ነገር ከሕጉ ውጭ አድርገዋል። «እሱንስ ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ ይህን መሥመር ሳያይ ያልፋል።

ይህን ሰምቶ አማኙ ደረቱን እንዳይነፋ። ከቅርብ ጊዜ በፊት ገርጂ ውስጥ አንድ የጀበና ቡና ቤት ተቀምጠን አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር መጀመሪያ የለውም፤ በቃ» አለኝ።

«በቃ ያልከው አንተ ነህ» አልኩት። «ያኛው ደግሞ ስለ ዓለም በቃ ቢልህስ?»

ፍሙን እያራገበች ስታዳምጠን የነበረችው ቡና አፍይ «እሱንማ አይልም፤ ዓለምንማ እያየነው አይደል!» ብላ ሳቀች። የእኔ ጥያቄ ግን የራስል ሙግት ሁለተኛው ግማሽ ነው። ያለ ምክንያት ሊኖር የሚችል አንድ ነገር አለ ካልን፣ እሱ ራሱ ዓለም የማይሆነው ለምንድን ነው? ይህ ግማሽ እስከ ዛሬ ጥርሱ አልረገፈም። አማኙም ፈጣሪን ከሕጉ ውጭ ሲያደርግ ለምን እሱ ብቻ እንደወጣ ማስረዳት አለበት።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጻፈው የመጀመሪያ ምክንያት በዘመን ወደ ኋላ ተሄዶ የሚደረስበት አይደለም። ቦሌ ላይ የሚሠራ ባለ 12 ፎቅ ሕንጻ ውሰዱ። ግንበኛው ሥራውን ጨርሶ ሲኤምሲ ወዳለ ሌላ ሳይት ቢሄድ ሕንጻው ይቆማል። ፋውንዴሽኑ ለአንድ ሰከንድ ቢነሣ ግን ከላይ እስከ ታች የሚተርፍ ፎቅ የለም። የአኩዊናስ ፈጣሪ ግንበኛ ብቻ አይደለም፤ አሁን፣ በዚህች ቅጽበት ዓለምን ተሸክሞ የያዘ ነው። ስለዚህ «ከቢግ ባንግ በፊት ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ፣ መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ ይህን ሙግት አይነካውም። አማኙም ኢ-አማኒውም በከንቱ ነው እዚያ የሚደክሙት።

«ቢግ ባንግ ፈጣሪን ለመካድ የተፈለሰፈ ነው»

ይህን ከመድረክ ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ በታክሲ ውስጥም ሰምቻለሁ። እውነታው ግን ተገላቢጦሽ ነው ማለት ይቻላል።

ዓለም እየተስፋፋ ነው የሚለውን ሐሳብ ከአንስታይን እኩልታ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተመው ጆርጅ ለሜትር ቤልጂጋዊ የካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ክህነት የተቀበለው በ1923 ነው። በዚያው በ1927 ብራስልስ ላይ ያገኘው አንስታይን ሒሳቡን ቢያመሰግንም ፊዚክሱን እንደተጸየፈው ነግሮታል። በ1931 ለሜትር አንድ እርምጃ ጨመረ፦ እየተስፋፋ ያለውን ነገር ወደ ኋላ ብንመልሰው ሁሉም ነገር የታጨቀበት አንድ ጥንታዊ አቶም ላይ እንደርሳለን አለ።

ሐሳቡን አምርረው ከተቃወሙት አንዱ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድ ሆይል ነበር። ሆይል እምነት አልነበረውም፤ ዓለም መጀመሪያ አላት መባሉ የሃይማኖት ሽታ አለው ብሎ የሚያማርር ሰው ነበር። «ቢግ ባንግ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1949 በቢቢሲ ራዲዮ የተናገረው እሱ ነው። እሱና ጓደኞቹ ያቀረቡት አማራጭ ዓለም ሁልጊዜ እንዳለች ትኖራለች የሚል ነበር። በ1965 ግን አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ከአንቴናቸው ላይ የርግብ ኩስ ጠርገው እንኳ የማይጠፋ ጩኸት አገኙ። ጩኸቱ ከየአቅጣጫው የሚመጣ፣ ከቢግ ባንግ የተረፈ የጥንት ጨረር ነበር። ለሜትር ዜናውን ሰምቶ ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ።

እዚህ ላይ አማኙ የሚወደውን ዜና ሰምቶ እንዳይነሣ፤ ቀሪውንም ይስማ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በኅዳር 1951 (እ.ኤ.አ.) ባደረጉት ንግግር ሳይንስ የፍጥረትን መጀመሪያ እንዳረጋገጠ የሚያስመስል ቃል ተናገሩ። ደስ ያላለው ለሜትር ነበር። ቄሱ ራሱ ነገሩ እንዳይደገም ወደ ቫቲካን መልእክቱን አደረሰ። የፊዚክስ መላ ምት ነገ ሊለወጥ ይችላል፤ እምነትን በእሱ ላይ መስቀል ለእምነቱም ለፊዚክሱም አይበጅም ባይ ነበር። እኔ ይህን ሰው ከሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች ይልቅ አከብረዋለሁ።

የዛሬው ስሌት ዓለም ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት እጅግ ሞቃትና ጥቅጥቅ እንደነበረች ይናገራል። ከዚያ በፊት ስለነበረው፣ ወይም «በፊት» መባሉ ራሱ ትርጉም ይኖረው እንደሆነ፣ አይናገርም። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የቆሙት ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ይቅሩና በዓለም ትልቁም ቴሌስኮፕ ቢሆን መጀመሪያውን አያይም። ወደ እኛ ሊደርስ የሚችለው እጅግ ጥንታዊ ብርሃን የተለቀቀው ከቢግ ባንግ 380,000 ዓመት ያህል ቆይቶ ነውና። ስለዚህ «ሳይንስ መጀመሪያዋን ቅጽበት አይቷል» የሚለው ሰባኪም፣ «ሳይንስ ፈጣሪን አስወግዷል» የሚለው ተማሪም እኩል ያጋንናሉ።

«ዓለም ዘላለማዊ ከሆነች ፈጣሪ አያስፈልግም»

በደርግ ዘመን የውይይት ክበብ የተቀመጠ ሁሉ ይህን ያስታውሳል። ቁስ አካል አይፈጠርም፣ አይጠፋም፤ ስለዚህ ፈጣሪ የለም። ካድሬው ይህን ተናግሮ ጥያቄ አለ ወይ ቢል የሚጠይቅ አልነበረም። ከዚያ ትውልድ ብዙዎቹ ዛሬ አያት ሆነው በየደብሩ ያስቀድሳሉ፤ መፈክሩ ግን በልጅ ልጆቻቸው አፍ አዲስ ሆኖ ተመልሷል።

አሪስጣጣሊስ ዓለም መጀመሪያ የላትም ይል ነበር፤ ያልተንቀሳቀሰ አንቀሳቃሽ ያስፈልጋታልም ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ሙስሊሙ ኢብን ሲናም ዓለም ዘላለማዊት ናት፣ ሁልጊዜም ከአላህ የምትቀዳ ናት ብሎ ሁለቱን አንድ ላይ ይዟል። አል-ገዛሊ ይህን ተቃውሞ መጽሐፍ ጻፈበት፤ ኢብን ሩሽድ ደግሞ ለገዛሊ መልስ ጻፈ። ሦስቱም አማኞች ናቸው፤ ክርክሩ በአንድ እምነት ውስጥ የተደረገ ነው። አኩዊናስም ቢሆን ዓለም መጀመሪያ እንዳላት የሚያምነው በመጽሐፍ ነው እንጂ በአመክንዮ ብቻ ሊረጋገጥ አይችልም ብሏል።

የዕድሜ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ በባሕረ ሐሳብ፣ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ይቆጠራል፤ በላዩ ዓመተ ምሕረቱን ደምረን እንቁጣጣሽን የምናሰላው በዚያ ነው። የሥነ ፍጥረት ትምህርት ደግሞ በስድስት ቀን 22 ፍጥረታት እንደተፈጠሩ፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት ካለመኖር ወደ መኖር እንደመጡ ያስተምራል። አንድ ሰው ዘመኑን 7,500 ይበለው 13.8 ቢሊዮን፣ ምክንያት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ጥያቄ እንዳለ ይቆያል።

«ኳንተም ፊዚክስ ነገር ከምንም እንደሚፈጠር አረጋግጧል»

ከጁስ ቤት አንድ ሙዝ አንሡ። ውስጡ ፖታሲየም አለ፤ ከፖታሲየሙ ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ ነው። በአንድ ሙዝ ውስጥ በየሰከንዱ ወደ 15 የሚጠጉ አቶሞች ይፈርሳሉ። ይህች አቶም አሁን ለምን ፈረሰች፣ አጠገቧ ያለችው ለምን ቢሊዮን ዓመት ትቆያለች ተብሎ ቢጠየቅ የተለመደው ኳንተም ፊዚክስ ምክንያት አይሰጥም፤ የሚሰጠው ዕድሉን ብቻ ነው። «ያለ ምክንያት አንዳች አይሆንም» የሚለው አማኝ ይህን ሙዝ ሊያስብበት ይገባል።

ኢ-አማኒው ግን ከሙዙ ተነሥቶ ዓለም ሁሉ ላይ ሲዘል አይቻለሁ። አቶሟ ስትፈርስ ከምንም አልመጣችም፤ አቶሟ ነበረች፣ ሕጉም ነበረ። ሎረንስ ክራውስ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም ከምንም እንደመጣች የሚያስረዳ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ፈላስፋው ዴቪድ አልበርት ክራውስ «ምንም» የሚለው የኳንተም መስክ ራሱ አንድ ነገር ነው ብሎ ተችቶታል። መስኩ ከየት መጣ? ሕጎቹስ ለምን እነዚህ ሆኑ? ጥያቄው ባለበት ነው ያለው።

እውነተኛው ልዩነት የታየው እ.ኤ.አ. በጥር 1948 ራስልና ኢየሱሳዊው ቄስ ፍሬድሪክ ኮፕልስተን በቢቢሲ ሲከራከሩ ነው። ኮፕልስተን ዓለም ባጠቃላይ ለምን እንደኖረች የሚያስረዳ ምክንያት መኖር አለበት አለ። ራስል ደግሞ ስለ ዓለም ክፍሎች ምክንያት መጠየቅ ያስኬዳል፣ ስለ ጠቅላላዋ ዓለም ግን ጥያቄው ራሱ ፍሬ የለውም አለ፤ አለች፣ በቃ። ሁለቱም ቆመዋል፤ አንዱ ዓለም ላይ፣ ሌላው ከዓለም አልፎ። ማናቸውም ማለቂያ የሌለው መንገድ አልሄዱም። ለእኔ የራስል «በቃ» ትንሽ ቸኮል ያለ ይመስለኛል፤ የኮፕልስተንም «መኖር አለበት» ከየት የመጣ ግዴታ እንደሆነ አላሳመነኝም።

«ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው»፤ «ፈጣሪ ካለ የእኛ ሃይማኖት እውነት ነው»

ሁለቱን ተረቶች በአንድ ላይ የሚያፈርስ የግእዝ መጽሐፍ አለ። ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ባለታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1599 አክሱም አካባቢ እንደተወለደ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክና የተዋሕዶ ግጭት ሲከር ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት እንደኖረ ይተርካል። እዚያ ብቻውን ሆኖ ይጠይቃል፦ እኔን ማን ፈጠረኝ? ራሴን አልፈጠርኩም፤ ስፈጠር አልነበርኩምና። ወላጆቼ እንዳልል እነሱም ወላጅ አላቸው። እንዲህ እያለ ወደ ላይ ይወጣና ያልተፈጠረ አንድ ፈጣሪ ላይ ይቆማል።

የመጽሐፉን ደራሲነት በተመለከተ ክርክሩ አልተቋጨም። ቅጂዎቹን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ፓሪስ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 መጽሐፉን የጻፈው ዳ ኡርቢኖ ራሱ ነው አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ። ሊቃውንቱ ዛሬም በሁለት ጎራ ናቸው። ለሙግቱ ግን የጸሐፊው ዜግነት ለውጥ አያመጣም፤ ደካማ ከሆነ በኢትዮጵያም በጣሊያንም ደካማ ነው።

ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ የቆመው ባለ ሐተታ ግን በዚያው አመክንዮ ወደ ሃይማኖቶቹ ዞሮ ምንኩስናን፣ የጾምን ሥርዓትና ከአንድ በላይ ማግባትን የሰው እንጂ የፈጣሪ ሕግ አይደሉም ብሎ ይተቻል። ከመጀመሪያ ምክንያት ተነሥቶ ወደ አንድ ደብር ወይም ወደ አንድ መስጊድ የሚያደርስ ቀጥተኛ መንገድ እንደሌለ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም። ከዋሻው ወጥቶም እንፍራዝ በተባለ ቦታ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት ኖረ፤ በፈጣሪ ብቻ እያመነ፣ ለሰው ግን ክርስቲያን መስሎ እየታየ።