ከሰርቨር የተላከ ስም ገጹን ሲሰብር

አንድ የዌብ ገጽ ስንከፍት ሁለት ፕሮግራሞች በተራ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ሰርቨሩ ላይ ያለው ነው፤ በፒኤችፒ ተጽፎ እንደሆነ፣ የተማሪውን ስም ከዳታቤዝ አውጥቶ በቴምፕሌቱ ክፍት ቦታ ይሞላና ሥራውን ያበቃል። ሁለተኛው፣ ማለትም ጃቫስክሪፕቱ፣ የሚነሣው ገጹ ብራውዘሩ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ጽሑፍ ብቻ ነው። ጀማሪዎች «የፒኤችፒውን ተለዋዋጭ ጃቫስክሪፕቱ ለምን አያየውም?» እያሉ የሚቸገሩትም ከዚህ የተነሣ ነው።

ብዙዎቻችን የምንመርጠው አቋራጭ እሴቱን በሁለት ነጠላ ትእምርተ ጥቅሶች መካከል በቀጥታ መጻፍ ነው። ይህ ለ«አበበ» ይሠራል። ጸሐይ የተባለች ተማሪ ስሟን በላቲን ፊደል ስትጽፍ የ«ጸ»ን ድምፅ ለማመልከት ያንኑ ነጠላ ምልክት ብታስገባስ? ብራውዘሩ ምልክቱን የጥቅሱ መዝጊያ አድርጎ ይወስደዋል፤ የተረፈው የስሟ ክፍል እንደ ትእዛዝ ይነበባል፤ ስክሪፕቱም ይቆማል። ስሟ ስሕተት የለበትም፤ ስሕተቱ የእኛ ነው።

ይህስ የሚያናድድ ብቻ ነው። የሚያስፈራው ግን አንድ ሰው ሆን ብሎ በስሙ ቦታ ትእዛዝ ሲጽፍ ነው፤ ትእዛዙ ገጹን በከፈተው ሰው ሁሉ ብራውዘር ላይ፣ በዚያው ሰው መብት ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 «ሳሚ» የተባለው ትል ማይስፔስ ላይ ተጠቃሚ የጻፈው ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ በመነበቡ፣ አንድ ቀን ሳይሞላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎችን አዳርሷል።

መፍትሔው እሴቱን በጄሶን አጻጻፍ ማሻገር ነው። ፒኤችፒ ከ5.2 እትሙ (እ.ኤ.አ. 2006) ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ፈንክሽን አለው፤ እሴቱን ራሱ በድርብ ጥቅስ ይከበዋል፣ በውስጡ ያለውንም ድርብ ጥቅስ ያመክነዋል። ስለዚህ እኛ ሌላ ጥቅስ አንጨምርም። በነገራችን ላይ፣ የአማርኛ ጽሑፍ በዚህ ሲያልፍ የገጹን ምንጭ የሚመለከት ሰው ፊደሉ ጠፍቶ ኮድ ያገኛል፤ «ሀ» 1200 ሆና ትታያለች። ጃቫስክሪፕቱ መልሶ ፊደል ስለሚያደርጋት አያስደነግጥም።

አንድ ወጥመድ ግን ይቀራል። ብራውዘሩ አስቀድሞ የሚያነበው ኤችቲኤምኤሉን ስለሆነ፣ የስክሪፕት መዝጊያ ታግ በጥቅስ ውስጥ ቢገኝ እንኳ ስክሪፕቱ አለቀ ብሎ ይወስናል። ፒኤችፒ በመዝጊያው ታግ ውስጥ ያለውን እዝባር ስለሚለውጥ ከዚህ ይድናል፤ የፓይተን ጄሶን ግን አይለውጠውም። በፓይተን የሚሠራው ጃንጎ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ2.1 እትሙ፣ ለዚሁ የሚሆን ማጣሪያ አቅርቧል፤ የ«ያንሳል» ምልክትን በኮዱ ይተካና እሴቱን ትእዛዝ ሆኖ በማይፈጸም ታግ ውስጥ ያኖረዋል፤ ጃቫስክሪፕቱም በመለያው ፈልጎ ያነበዋል።