የአባዬን ሸክላ ከማጫወታችሁ በፊት

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ዘመድ ከአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻ ላከልኝ፣ አባዬ ያስቀመጣቸው ሸክላዎችም አሉ፤ ግን ድምፁ ልክ አይደለም። ምን ላድርግ?» መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ማጫወቻው እስኪስተካከል የአባዬን ሸክላ አትንኩት። መሞከሪያ የሚሆን፣ ቢበላሽም የማያሳዝን ሌላ ሸክላ ፈልጉ።

ለምን? አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬኮርድስን አቋቁሞ እስከ 1975 ያሳተማቸው ሸክላዎች ከቤት ከወጡ በቀላሉ አይተኩም። የካይፋና የፊሊፕስ ሸክላዎችም እንደዚያው። የአንድ ዘፈን ዋና ቴፕ ከጠፋ ደግሞ የቀረው ያ ሸክላ ብቻ ነው። ያለቀ መርፌ ወይም የከበደ ክንድ መስመሩን ሲፍቀው የተፋቀው ድምፅ ተመልሶ አይመጣም።

መጀመሪያ ሶኬቱ

የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ብዙ ሰው ትራንስፎርመር ገዝቶ ጨረስኩ ይላል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። አንዳንድ የድሮ ማጫወቻዎች ሞተራቸው የሚዞረው በመብራቱ ኸርዝ ልክ ነው። እዚህ ሲሰኩ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ መዞር የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል፤ 45 የነበረው 37 ተኩል ይሆናል። ጥላሁን ገሠሠ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ሲዘፍን ከሰማችሁ ሸክላው ላይ አትፍረዱ።

ከጀርባው የተጻፈውን እዩ። አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ካለ እንደ ስልክ ቻርጀር ነው፣ ሰላም ነው። 60 ኸርዝ ብቻ ካለ ፍጥነቱን ለኩት፦ ዙር የሚቆጥር አፕ ጫኑ፣ ክንዱን ከማረፊያው ሳታነሱ ስልኩን መሐል ላይ አስተኝታችሁ አዙሩት። ከቀነሰ ባለሙያ ጋ ውሰዱት፤ በአንዳንዶቹ ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ፑሊ በ50 ኸርዝ መቀየር ይበቃል።

ክንዱ

ማጫወቻው ስፒከሩ ካለበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ፤ ንዝረቱ ወደ መርፌው ይመለሳል። ጠረጴዛው ቀጥ ማለቱን በስልካችሁ የውሃ ልክ አፕ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ሚዛኑ። የመርፌውን መከለያ አውጡ፣ አንቲ ስኬቲንግ የሚባለውን ቁልፍ ዜሮ አድርጉ። ከክንዱ ኋላ ያለውን ክብደት እያዞራችሁ ክንዱ ሳይወድቅም ሳይነሳም አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። ያኔ ክብደቱን ሳትነኩ የቁጥሩን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አምጡ። ከዚያ ክብደቱን ከነቁጥሩ አዙራችሁ የመርፌው አምራች የጻፈው ግራም ላይ አቁሙት። ለምሳሌ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 2 ግራም ነው የሚፈልገው። አንቲ ስኬቲንጉንም እዚያው ቁጥር ላይ አድርጉት።

«ቀለል ባደርገው አይሻልም?» የሚሉኝ አሉ። አይሻልም። በጣም የቀለለ መርፌ እየዘለለ መስመሩን ይመታዋል። ሻንጣ የሚመስሉት ርካሽ ማጫወቻዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከያ የላቸውም፤ ብዙዎቹ ወደ 5 ግራም ይጫናሉ። ለመዝናኛ ይሁኑ፣ ለአባዬ ሸክላ ግን አይሆኑም።

ድምፁ አልስተካከል ካለ

ድምፁ ቀጭንና ደካማ ከሆነ ፎኖ ፕሪአምፕ የለም ማለት ነው። ከመርፌው የሚወጣው ኃይል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ ተራ የስፒከር ግብዓት አይበቃውም። ማጫወቻው ከኋላ ፎኖ እና ላይን የሚል ማብሪያ ካለው ላይን ላይ አድርጉት፤ ከሌለው ፕሪአምፑ ለብቻው ይገዛል።

የማያቋርጥ ጉምጉምታ ካለ ቀጭኗን የግራውንድ ሽቦ እዩ፤ ከአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ጋ መታሰር አለባት።

የሚዘል ከሆነ ሳንቲም እንዳትጭኑበት! መጀመሪያ አቧራውን አጽዱ። ለስላሳ ብሩሽ ወይም በተጣራ ውሃ የረጠበ ማይክሮፋይበር ጨርቅ በመስመሩ አቅጣጫ አዙሩ፤ መሐል ያለው ወረቀት ግን አይንካው። በደቂቃ 78 የሚዞሩትን ጥንታዊ ሸክላዎች በተራ መርፌ አታጫውቱ፤ ሰፋ ያለ መርፌ ይፈልጋሉ። አልኮልም አታስነኳቸው፣ ያሟሟቸዋል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የአባዬን አውጡ። በመጀመሪያው ማጫወት ወደ ኮምፒውተር ቅዱት። የሸክላውን ወረቀት ፎቶ አንሱ፤ የዘፋኙ ስምና የሸክላው ቁጥር እዚያ ላይ አለ። ቅጂውን ለቤተሰቡ ግሩፕ ላኩ፣ ሸክላውን ደግሞ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ አቁማችሁ አስቀምጡት።