ጨው የበዛበት ምስል

ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ «እንዳይንቀሳቀሱ» እንደሚባል የቆጠረ የለም። ታካሚው ጠባቡ አልጋ ላይ ይጋደማል፤ ራሱ ላይ ፍርግርግ የመሰለ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይገጠምለታል፤ በግራና በቀኝ ጆሮው በኩል ስፖንጅ ይሸጎጣል፤ ከጨነቀው የሚጨምቃት የጎማ ኳስ በእጁ ትሰጠዋለች። ከዚያ አልጋው ወደ ማግኔቱ ሆድ ይገባና መንኳኳቱ ይጀምራል። ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ። አፍንጫ የሚበላው ደግሞ ያኔ ነው።

ለመሆኑ ትንሽ ብንነቃነቅስ? ብዙ ሰው ኤምአርአይን እንደ ፎቶ ካሜራ ያስበዋል። ፎቶ ላይ እጁን ያወናጨፈ ሰው ብዥ የሚለው እጁ ብቻ ነው፤ ፊቱ ጥርት ብሎ ይወጣል። ኤምአርአይ ግን የሚሰበስበው በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ካሉ የሃይድሮጂን አተሞች የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ነው፤ ምልክቱም «ይሄ የአፍንጫ፣ ይሄ የጆሮ» ተብሎ ተለይቶ አይደርሰውም። እያንዳንዱ ልኬት ከሚነሳው አካል ሁሉ የተውጣጣ ድምር ነው። ኮምፒዩተሩ ድምሮቹን ባለሙያዎች ኬ-ስፔስ በሚሉት ሰንጠረዥ ላይ መስመር በመስመር ይሞላና፣ ሲጨርስ በሒሳብ ወደ ምስል ይለውጣቸዋል። ስለዚህ ጥቂት መስመር ሲበላሽ ጉዳቱ በምስሉ አንድ ጥግ ተወስኖ አይቀርም። ወጥ ውስጥ እንደበዛ ጨው ነው፤ የትኛው ጉርሻ ላይ እንደበዛ አይጠየቅም።

ቁጥሩን እንየው። 256 መስመር ያለው ምስል በየግማሽ ሰከንዱ አንድ መስመር ቢሞላ 128 ሰከንድ ይፈጃል። አንዱ መስመር ራሱ የሚነበበው ግን በጥቂት ሚሊሰከንድ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ሰው ቢነቃነቅም ብዙ አይጎዳም። ጣጣው በመስመርና በመስመር መካከል ነው፤ ብልሽቱም በዚህ የተነሳ በዋናነት ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። እንቅስቃሴው እንደ ትንፋሽና እንደ ልብ ምት የሚደጋገም ሲሆን ምስሉ መደብዘዙ ሳያንስ ጥላም ያበዛል። ሆድ ሲነሳ የትልቁ ደም ቧንቧ፣ የአኦርታ፣ ክብ ክብ ቅጂዎች ተሰልፈው ይታያሉ። አንዱ ጉበት ላይ ካረፈ፣ ላልለመደ ዓይን እባጭ ይመስላል።

እዚህ ላይ የባለሙያዎቹ አንዲት ብልሃት ደስ ትለኛለች። የጀርባ አጥንት ሲነሳ የልብ ምቱና ምራቅ መዋጡ ጥላቸውን ከፊት ወደ ኋላ፣ በቀጥታ አከርካሪው ላይ ይጥላሉ። ባለሙያው መስመሮቹ የሚሞሉበትን አቅጣጫ ሲቀይር ጥላው ከራስጌ ወደ ግርጌ ይዞርና አከርካሪው ይተርፋል። እንቅስቃሴው አልቆመም፤ ቆሻሻው ግን ሌላ ቦታ ተደፋ።

ችግሩ ከመሣሪያዎቹ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ታካሚ አንጎል ሲያነሳ፣ ለአንድ ዙር ደቂቃዎች ይፈልግ ነበር። ሬይመንድ ዳማዲያን በ1977 ኒውዮርክ ውስጥ በማግኔት የሰው ደረት ሲያነሳ፣ ረዳቱ ከ5 ሰዓት ጥቂት ለሚያንስ ጊዜ መሣሪያው ውስጥ ቆይቷል። ሲቲ ስካን ነገሩን በፍጥነት ተገላገለው፤ ዛሬ ፈጣኖቹ ቀለበታቸውን ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ ያዞራሉ። ኤምአርአይም ፈጥኗል፤ ግን አተሞቹ ከተነቃቁ በኋላ ወደ ዕረፍታቸው የሚመለሱበት የራሳቸው ጊዜ ስላላቸው ያን ያህል አይጣደፍም።

ስለዚህ ሌላ መላ ተፈለገ። ጄምስ ፓይፕ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1999 «ፕሮፔለር» የሚባለውን ዘዴ አወጣ። ሰንጠረዡ ከላይ ወደ ታች መሞላቱ ይቀርና፣ ጥቂት መስመሮች እንደ አንድ የአውሮፕላን ማራገቢያ ክንፍ ተሰብስበው መሃሉ ላይ እየዞሩ ይሞሉታል። መሃሉ የምስሉን ጠቅላላ ቅርጽ የሚይዝ ክፍል ነው፤ ሁሉም ክንፍ በእሱ ላይ ያልፋል። ኮምፒዩተሩ ያንኑ መሃል ደጋግሞ ስለሚያይ፣ ይሄኛው ክንፍ ሲነበብ ጭንቅላቱ ምን ያህል ዞሮ እንደነበር ያውቅና ክንፉን በዚያው ልክ መልሶ ያዞረዋል። ከጓደኞቹ ጋር አልስማማ ያለውን ድምፁን ዝቅ ያደርግበታል ወይም ይጥለዋል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ መሃሉን ደጋግሞ መለካት ሥራውን በግማሽ ያህል ያስረዝመዋል። እጅና ራስ ለሚንቀጠቀጥባቸው አዛውንት ግን የሚከፈል ዋጋ ይመስለኛል።

አሁን አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዥ ያለውን ያጠራዋል ይባላል። ያጠራዋልም። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። የፕሮፔለር እርማት የቆመው ከታካሚው በተለካ ነገር ላይ ነው፤ ብዙ ምስል አይቶ የሠለጠነ ፕሮግራም ደግሞ የጎደለውን በሚመስለው ሊሞላው ይችላል። ታካሚው የመጣው ያልተለመደውን ሊያስፈትሽ ነው።

ለትንፋሽ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መሣሪያው ድያፍራሙን በየመሃሉ በጨረፍታ እየለካ፣ ከተወሰነለት ቦታ በጥቂት ሚሊሜትር ሲያልፍ የሰበሰበውን አለመቀበል ነው። ሌላው ለ15 ወይም ለ20 ሰከንድ ትንፋሽ ማስያዝ። ቀላል ይመስላል፣ ትዕዛዙ የሚገባን ቋንቋ ከሆነ። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ልጆቻቸው ዘንድ ያሉ አንዲት እናት በጆሮ ማዳመጫ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ «ይያዙ» ሲባሉ፣ ነገሩ ሲገባቸው መንኳኳቱ ግማሽ ደርሷል። ከመግባታቸው በፊት ልጃቸው ትዕዛዞቹን በአማርኛ ሁለት ጊዜ ብታለማምዳቸው፣ ከብዙ ሶፍትዌር ይበልጣል።

ለጨቅላዎችም ቀላሉ መላ ይሠራል። ጡት ጠብቶ የጠገበ ሕፃን፣ ጆሮው ተሸፍኖ በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ሲጠቀለል እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ብዙ ሆስፒታሎች ያለ ማደንዘዣ የሚያነሱት በዚህ ዘዴ ነው። አያቶቻችን ይህን ለማወቅ ማግኔት አላስፈለጋቸውም።

ስፖንጅና ገለጻ ርካሽ ናቸው፤ መነቃነቁ ግን አይደለም። በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በዚህ ምክንያት አንድ መሣሪያ በዓመት 115,000 ዶላር ገደማ ገቢ ሊያሳጣ እንደሚችል ገምቷል።

ወረፋ ደርሶዎት የሚገቡ ከሆነ፣ አስቀድመው ሽንት ቤት ይሂዱ፤ ሳል ወይም የጀርባ ሕመም ካለብዎት ይናገሩ፤ ጉልበትዎ ሥር ትራስ እንዲገባልዎ መጠየቅ ነውር የለውም። መንኳኳቱ ጸጥ ሲል ያለቀ እንዳይመስልዎት። የሚቀጥሉት ምስሎች የሚታቀዱት መጀመሪያ በተነሳው ላይ ስለሆነ፣ በጸጥታው መሃል ዞር ያለ ሰው የቀረውን ሁሉ ከቦታው ያስወጣዋል። ባለሙያው በማይክሮፎን «ደህና ነዎት?» ካለዎትም ራስዎን ሳይነቀንቁ በቃል ይመልሱ።