ከእሳቱ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቱቧቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ፣ ጌጃ ሰፈርም ይሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የልደታ ሰው የተጎዳ ጎረቤቱን ብቻውን አይተውም። አንዱ ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ይደርሳል፣ እድርተኛው ማደሪያ ያመቻቻል፣ ሲነጋ ደግሞ ቆራሌው የተጣመመውን ቆርቆሮና የተቃጠለውን ፍሪጅ ሊገዛ በር ላይ ይቆማል። ቤቱ እስከ ምሳ ሰዓት ተጠርጎ ያልቃል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ የጉዳት ገማቹ ሲመጣ የሚያየው ነገር ያጣል።

የጉዳት ገማችን ብዙዎቻችን የምናውቀው መኪና ሲጋጭ ነው። ሥራው ግን ቤትንም፣ ሱቅንም፣ ፋብሪካንም ይመለከታል። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት ፈቃዱን የሚሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው፤ ስለዚህ ገማች ነኝ የሚልን ሰው «እስቲ ፈቃድዎን ያሳዩኝ» ማለት ነውር የለውም። ጉዳቱ ከምን እንደተነሣ፣ እስከ የት እንደደረሰና በገንዘብ ስንት እንደሚሆን አጣርቶ ሪፖርት ያቀርባል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ያስደንቃል። ጎበዝ ገማች እምብዛም ካልተጎዳው ክፍል ጀምሮ ወደ ባሰበት ይሄዳል። ጥቀርሻው ግድግዳው ላይ ወደ ታች እየጠበበ የወረደበትን ቦታ ይፈልጋል፤ እሳቱ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከጠባቡ ጫፍ አካባቢ ነውና። ቆጣሪው ሥር ተንበርክኮ ሽቦ ይለቅማል። መዳብ የሚቀልጠው 1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ የቤት ቃጠሎ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። የሽቦው ጫፍ ላይ እንደ ዶቃ የረጋ ጠብታ ካገኘ የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንደነበር ይጠረጥራል። ብልጭታው እሳቱን አስነሣው ወይስ እሳቱ ሽቦውን ልጦ ብልጭታውን አመጣው የሚለውን ደግሞ ከሌላው ማስረጃ ጋር ያመዛዝናል። ለቆራሌው በኪሎ የተሸጠ ሽቦ ይህን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ፎቅ ላይ ግን ገማቹ ብቻውን አይበቃም፤ የስትራክቸር መሐንዲስ ያስፈልጋል። ኮንክሪት ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ብዙ ጊዜ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይለወጣል፣ ጥንካሬውም መጉደል ይጀምራል። ውስጡ ያለው ብረት 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ከጉልበቱ ግማሽ ያህሉን ያጣል። መሐንዲሱ ምሰሶውንና ቢሙን በመዶሻ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል፣ የኮንክሪቱን ጥንካሬ በሽሚት መዶሻ ይለካል፣ ካስፈለገም ናሙና አስቆርጦ ላቦራቶሪ ይልካል። ይህ ሳይደረግ የጠቆረውን ግድግዳ በጂፕሰምና በቀለም አሳምሮ ለማስረከብ የሚቸኩል ኮንትራክተር አይጠራ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ምሰሶው የጋራ ነው፤ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩም ሊያውቀው ይገባል።

ውሃ ሲሆን ሰው ይዘናጋል። ከላይኛው ፎቅ የፈነዳ ቧንቧም፣ የክረምት ጎርፍም፣ እሳቱን ያጠፋው ውሃ ራሱም ቤት ያበላሻል። መጀመሪያ መብራት ከቆጣሪው ይጥፋ፤ መስመሩ ከተነካ ወደ 905 ይደወል። ሻጋታ በአንድና ሁለት ቀን ውስጥ ስለሚጀምር ሁሉም ነገር ፎቶና ቪዲዮ ከተነሣ በኋላ ምንጣፍና ፍራሽ ይውጣ፣ መስኮት ይከፈት። የወጣው ዕቃ ገማቹ እስኪመጣ ግቢ ውስጥ ይቆይ እንጂ አይጣል። የጭቃ ቤት ጠባዩ ሌላ ነው። ውሃ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ይለሰልሳል፣ ቋሚውና ማገሩ ይበሰብሳል። ሳይደርቅ በሲሚንቶ መለሰን እርጥበቱን ውስጥ ማስቀረት ነው። ለዚህ ሥራ ከዲፕሎማ ይልቅ ጭቃ ቤት ሲያድስ የኖረ አናጢ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ኢንሹራንስ የገባ ሰው ቀን መቁጠር አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አደጋውን ለመድን ሰጪው ለማስታወቅ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 5 ቀን ነው። ተራው የእሳት መድን እሳትንና መብረቅን ይሸፍናል፤ ጎርፍና የፈነዳ ቧንቧ አብዛኛውን ጊዜ በተጨማሪ ዓረቦን የሚገቡ ናቸው። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ግን ቤቱ ከዋጋው በታች መድን የተገባለት ሲሆን ነው። 4 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በ2 ሚሊዮን ከተገባ፣ የ600 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስበት የሚከፈለው 300 ሺህ ገደማ ነው። ገማቹን የሚልከውም የሚከፍለውም ኩባንያው መሆኑ አይዘንጋ። ያዳላል ማለቴ አይደለም፤ ሆኖም በራስ መሐንዲስ የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ማሠራት ይቻላል፣ ግምቱ ሲለያይም ለክርክር መነሻ ይሆናል።

ለነጋዴ ዋናው ምስክር ወረቀት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ከልደታ ብዙም በማይርቀው በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ሲነሣ ሱቆች ከነሸቀጣቸው ወድመዋል። አመድ የሆነ ጨርቅ ስንት ጣቃ እንደነበር የሚናገረው የግዢ ደረሰኝና የክምችት መዝገብ ነው፤ ቅጂያቸው ከሱቁ ውጭ ሊቀመጥ ይገባል።

የቀበሌ ቤት ተከራይ መድን መግባት የሚችለው ለራሱ ዕቃ ነው፤ ግድግዳው የመንግሥት ነው። ጥገና ከመጀመሩ በፊትም ለወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቶ ፈቃድ ይያዝ፤ ከማመልከቻው ጋር የእሳት አደጋ ኮሚሽኑንና የፖሊስን ማስረጃ ያያይዝ፣ ገቢ የተደረገበትን ቅጂም ለራሱ ያስቀር።