ዝንብና ፈንግል፦ በዶሮ እርባታ መዝገብ ላይ የማይሰፍረው ወጪ

“ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም” ይባላል። ከፈንግል ጋር ሲመጣ ግን የዶሮ ባለሀብትን ካፒታል ሊነካ ይችላል።

ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ፣ መድኃኒት የሌለው፣ ያልተከተበን መንጋ በቀናት ውስጥ የሚጨርስ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 አሜሪካ ካሊፎርኒያ ገብቶ ከ3 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎችና ሌሎች ወፎች እንዲወገዱ አድርጓል። በዚያን ወቅት በሎስ አንጀለስ በታመሙ የጓሮ ዶሮዎች አካባቢ ከተያዙ ዝንቦች፣ የቤት ዝንብን ጨምሮ፣ ቫይረሱ ተገኝቷል። በቤተ ሙከራም የተበከለ ኩስ የቀመሰ ዝንብ ቫይረሱን በሆዱ ይዞ ታይቷል።

ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ ዝንብ ላይ የተገኘው ቫይረስ እጅግ ጥቂት ነበር። ዋናዎቹ አስተላላፊዎች የታመመ ዶሮ፣ ያልታጠበ ቅርጫት፣ የእንቁላል ትሪ፣ መኪናና የሠራተኛ ጫማ ናቸው። ከበዓል ገበያ ሳይሸጥ ተመልሶ ከመንጋው የሚቀላቀል ዶሮም ከዝንብ ይልቅ ያሰጋል። ስለዚህ ፍሊት ረጭቶ ክትባት መተው ኪሣራን መጋበዝ ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አንዲት ቄብ እንቁላል መጣል እስክትጀምር 7 ኪሎ ገደማ መኖ ትበላለች። በዚያ ዕድሜ 1,000 ቄቦች ቢያልቁ ከጫጩቶቹ ዋጋ ሌላ 70 ኩንታል መኖ አብሮ ይቀበራል። አንድም እንቁላል ገበያ አልወጣም!

መከላከያው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ከግዢ እስከ አጠቃቀም ቅዝቃዜው መጠበቅ፣ መርሐ ግብሩም መከበር አለበት። ዝንብን በተመለከተ፣ በሙቀት ወቅት ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል። እርጥብ ኩስን በየሳምንቱ የሚያስወግድ፣ የሚያፈስ የውሃ መጠጫ የሚጠግንና የሞተ ዶሮ ወዲያውኑ የሚቀብር አርቢ መራቢያውን ይነሣዋል።

የዶሮ እርባታ ለመግዛት የምትደራደሩም ሆነ የምታደራድሩ ከእንቁላሉ ቁጥር በፊት የክትባቱን መዝገብ ጠይቁ። ከዚያም ወደ ኩሱ ክምር ጎራ በሉ። እርጥብ ሆኖ ዝንብ ከወረረው፣ የአያያዙን ጉድለት በዋጋው ላይ አስቡት።